በሁለቱ ወንዞች መገናኛ የቆመ ድንጋይ

«ኖሮ ኖሮ ከመሬት፣ ዞሮ ዞሮ ከቤት» ይላሉ አበው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሰው ዕድሜ ነው፤ እኔ ግን ባለፈው ጥቅምት በአንድ ቅዳሜ በእግሬ የዞርኩትን መንገድ ባስታወስኩ ቁጥር ይመጣብኛል። መንገዱ ከወንዝ ዳር ተነሥቶ፣ በድንጋይ ደረጃ ኮረብታ ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያንና መቃብር አልፎ፣ በአንድ የተዘጋ ኮሌጅ ግቢ ታጥፎ፣ በጫካ ቁልቁል ይወርድና በፍርስራሾች መካከል ተጉዞ ከተነሣበት ወንዝ ዳር ይገጥማል። ቶሎ ቶሎ ለሚራመድ ወጣት የጥቂት ጊዜ ጉዞ ነው። እኛ ግን የማለዳው ጉም ሳይገፈፍ ጀምረን የጨረስነው ከቀትር በኋላ ነበር።

ቦታው ሃርፐርስ ፌሪ ይባላል። ከዋሽንግተን ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የፖቶማክና የሸናንዶዋ ወንዞች በሚገናኙበት ሹል መሬት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ትገኛለች፤ ከወንዞቹ ማዶ ደግሞ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ተራሮች ፊት ለፊት ይታያሉ። ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1783 ከኮረብታው ላይ ቆሞ ወንዞቹ ተጋፍተው ተራራውን ሲሰነጥቁ ከተመለከተ በኋላ፣ ይህን ለማየት ብሎ አትላንቲክን የተሻገረ ሰው እንደማይቆጭ ጽፏል። እኛ አትላንቲክን የተሻገርነው በሌላ ምክንያት ነው። ቢሆንም በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖረው ወገናችን ስንቱ ለዓመታት በቅርብ ሆኖ ይህን ስፍራ ሳያይ እንደሚቀር ስለማውቅ፣ አንባቢዬ አንድ ቀን ጫማውን አጥብቆ እንዲሄድ ለመጋበዝ ነበር ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት። ጽሑፉ በዚያ ብቻ አላበቃም። (ከዚህ በታች የአሜሪካን ታሪክ በፈረንጆች፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

አብረውኝ የተጓዙት የታላቅ ወንድሜ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። እኔ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በ1979 ዓ.ም. ለሕክምና ትምህርት ወደ ቡዳፔስት ስሄድ እናቴ በሻንጣዬ ያኖረችልኝ ፎቶግራፉን ነበር፤ እስካሁን ከእኔ ጋር ነው። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ስለ እርሱ ትናገር የነበረው አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ ጉንዳን እንኳ ረግጦ አያውቅም» ትል ነበር። እኔም በዚህ አምኜ ኖሬአለሁ።

ጉዟችንን የጀመርነው ሰዎች «የጆን ብራውን ምሽግ» ብለው ከሚጠሩት ትንሽ የጡብ ቤት ፊት ነው። ቤቱ ምሽግ ሆኖ አልተሠራም። በ1859 የእሳት ማጥፊያ ጋሪዎች የሚቆሙበት ነበር። በአጠገቡ የአሜሪካ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበረ፤ ቦታውን የመረጠው ራሱ ጆርጅ ዋሽንግተን ሲሆን ሥራው የተጀመረው በ1799 ነው። የውሃው ጉልበት መዘውር ያዞራል፣ ተራራው እንጨትና ብረት ይሰጣል፤ ከተማይቱ ያደገችው በዚህ ነው። በግምጃ ቤቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ተከማችቶ ነበር።

ጆን ብራውን የተባለው ነጭ የባርነት ጠላት ጥቅምት 16 ቀን 1859 እሑድ ሌሊት ከሜሪላንድ በኩል ድልድዩን ተሻግሮ የመጣው ለዚህ ጠመንጃ ነው። ተከታዮቹ ሃያ አንድ ነበሩ፤ ከእነርሱ አምስቱ ጥቁሮች ናቸው። ሦስቱን ከኋላ ትቶ በአሥራ ስምንቱ ዘመተ። መሣሪያውን ይዞ ባሮችን ሊያስታጥቅ፣ ከዚያም በተራሮቹ ሸንተረር እየተዋጋ ወደ ደቡብ ሊዘልቅ ነበር ሐሳቡ። ከአምስቱ ጥቁሮች አንዱ ዴንጀርፊልድ ኒውቢ ይባላል። እርሱ ነፃ ወጥቶ ነበር፤ ሚስቱ ሃሪየትና ልጆቹ ግን በቨርጂኒያ ባሮች ነበሩ። ሚስቱ ጌታዋ ሳይሸጣት በፊት መጥቶ እንዲገዛት እየለመነች የጻፈችለት ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። ኒውቢ በማግስቱ በዚህች ከተማ ጎዳና ላይ ተገደለ፤ ከዘማቾቹ የመጀመሪያው ሟች እርሱ ነው። ሃሪየት ከዚያ በኋላ ወደ ሉዊዚያና ተሸጠች። ይህን አንብቦ ብራውንን «ምን አጣደፈው?» ብሎ ሊጠይቅ የሚደፍር ካለ፣ ለሃሪየት መልስ ያዘጋጅ።

ዘመቻው አልሠመረም። ብራውን ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ዘገየ፤ አስቁሞት የነበረውን የምሥራቅ ባቡርም መልሶ ለቀቀውና ወሬው ከባቡሩ ጋር ወጣ። የአካባቢው ሚሊሺያ መውጫ መግቢያውን ዘጋ። ጥቅምት 18 ቀን ጠዋት በኮሎኔል ሮበርት ሊ የሚታዘዙ የባሕር ኃይል እግረኞች የዚያችን ጡብ ቤት በር ሰብረው ገቡ፤ ውጊያው በደቂቃዎች አለቀ። ከሃያ ሁለቱ አሥሩ ሞቱ፣ አምስቱ አመለጡ፣ ሰባቱ ተሰቀሉ። ብራውን የተሰቀለው ታኅሣሥ 2 ቀን 1859 ነው። ከአሥራ ስድስት ወራት በኋላ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ በሩን ሰብሮ ብራውንን ያስያዘው ሊም የባርነት ግዛቶችን ጦር መርቶ ተዋጋ።

ይህ ሁሉ በየመጽሐፉ ያለ ነው። እኔን እንደ ሐኪም የያዘኝ ግን ገና ሌሊቱ ሳይነጋ የሆነው ነው። በባቡር ጣቢያው ሄይዋርድ ሼፐርድ የሚባል የመንገደኛ ሻንጣ ተረካቢ ነበር። ጥቁር ነው፤ ባሪያ ግን አልነበረም። ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። የሌሊቱ የድልድይ ጠባቂ በመጥፋቱ ምን እንደሆነ ሊያይ ወደ ድልድዩ ወጣ። በጨለማው ውስጥ «ቁም!» አሉት። ዘወር ብሎ ወደ ጣቢያው ሲመለስ ተኮሱበት፤ ጥይቱ ከኋላው መታው። ባሮችን ነፃ ሊያወጣ በመጣው ዘመቻ በመጀመሪያ ለሞት የሚያበቃ ቁስል የደረሰበት ሰው ይህ ነፃ ጥቁር ሠራተኛ ነው።

ተኩሱን ሰምቶ ከቤቱ የወጣ አንድ የከተማይቱ ሐኪም ነበር፤ ዶክተር ጆን ስታሪ ይባላል። ቁስለኛውን አየው፤ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር እንደሌለም ተገነዘበ። እኔ ራሴን በእርሱ ቦታ አድርጌ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ዘመኑ 1859 ነው። በኤተር ማደንዘዝ ከተጀመረ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነውም፣ ሊስተር ስለ ቁስል ማጽዳት ያሳተመው ገና በ1867 ነው፤ የደም ዓይነቶች የተለዩት በ1901 ነው። በጥይት ደረቱ የተበሳ ሰው አጠገብ የተቀመጠ ሐኪም እጁን ይዞ ከመጠበቅ በቀር መሣሪያ አልነበረውም። ሼፐርድ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሞተ። ዶክተር ስታሪ ግን ሲነጋ ፈረሱን ጭኖ ወደ ቻርልስ ታውን ጋለበና ሕዝቡን ቀሰቀሰ። ለብራውን መያዝ አንዱ ምክንያት እርሱ ነው። ከአንድ ቁስለኛ አልጋ የተነሣው ሐኪም ሳያስበው የባርነት ሥርዓት ደወል ደዋይ ሆነ። ልፈርድበት አልችልም፤ ያየው ቁስሉን ነበርና።

ከጡብ ቤቱ ጥቂት እርምጃ አልፎ በመንገዱ ዳር አንድ የጥርብ ድንጋይ ሐውልት ቆሟል። በ1931 ያቆሙት የደቡብ ተዋጊዎች ሴት ልጆችና ወንድ ልጆች ማኅበራት ናቸው። ሐውልቱ የሼፐርድ መታሰቢያ ነኝ ይላል። ጽሑፉን ሲያነቡት ግን የሟቹን ኑሮ አይናገርም፤ በዚያ ጦርነት ዘመን ጌቶቻቸውን ያልካዱ ጥቁሮችን ታማኝነት ያመሰግናል። ጌታ ያልነበረውን ነፃ ሰው ለባርነት ምስክር አድርገው አቆሙት ማለት ነው። ጋሼ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«ስሙ እነሆ አለ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

በአለት ላይ የተፈለፈለውን ደረጃ ይዘን ወጣን። ጋሼ በየአሥር እርምጃው ያርፋሉ፤ እኔም ሳይነግሩኝ ልብ ትርታቸውን በዓይኔ እቆጥራለሁ። በ1833 የታነጸው የቅዱስ ጴጥሮስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደረጃው ላይ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ካህኑ ገለልተኛ መሆኑን ለማሳየት የእንግሊዝ ባንዲራ ሰቅሎ ቤተ ክርስቲያኑን ከመድፍ እንዳተረፈ ይነገራል። ከዚያ በላይ ጄፈርሰን የቆመበት ንጣፍ ድንጋይ አለ። እንዳይናድ በአራት አጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ተደግፏል። በቦታው ወንዞቹ ሲገናኙ፣ ዛፎቹ በጥቅምት ወር ቀይና ወርቃማ ቀለም ለብሰው ይታያሉ። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን በመቶዎች የሚቆጠሩ ባሮች ጌታ እንደነበረ ለጋሼ ስነግራቸው፣ «ድንጋዩስ ድጋፍ የፈለገው ለዚያ ይሆን?» ብለው አሳቁኝ።

ከዚያ ሆኖ ለሚያይ፣ ይህች ውብ ሸለቆ ለጦር ሰው ወጥመድ መሆኗ ግልጽ ነው። ተራሮቹን የያዘ ከተማይቱን ይዟል። በመስከረም 1862 የደቡቡ ጄኔራል ስቶንዎል ጃክሰን ተራሮቹ ላይ መድፍ አውጥቶ በታች የነበረውን ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ የሰሜን ጦር ማረከ። በጦርነቱ ዘመን ከተማይቱ ስምንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። የጦር መሣሪያ ፋብሪካው ገና በ1861 ተቃጥሎ ነበር፤ ተመልሶም አልተሠራም።

የድሮውን መቃብር አልፈን ኮረብታው ራስ ላይ ከስቶረር ኮሌጅ ግቢ ደረስን። ኮሌጁ በ1867 ከባርነት ለወጡ ሰዎች ማስተማሪያ ተከፍቶ በ1955 ተዘግቷል። በነሐሴ 1906 ዊልያም ዱቦይስና ጓደኞቹ የናያግራ ንቅናቄን ሁለተኛ ጉባኤ ያደረጉት እዚህ ነው። ከዓድዋ ድል አሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ ዱቦይስም ከሰባት ዓመት በኋላ «የኢትዮጵያ ኮከብ» የተሰኘ ታላቅ ትርኢት በኒው ዮርክ ለመድረክ ያበቃ ሰው ነው። ያን ጊዜ የብራውን ጡብ ቤት ከስፍራው ተነቅሎ በአንድ እርሻ ላይ ቆሞ ነበር፤ ለ1893ቱ ኤግዚቢሽን ቺካጎ ድረስ ተወስዶ በ1895 ተመልሷል። ጉባኤተኞቹ አንድ ማለዳ ወደ እርሱ በእግር ተጓዙ፤ ከእነርሱም መሬቱ ቅዱስ ነው ብለው ጫማቸውን ያወለቁ ነበሩ። ሙሴ በኮሬብ የታዘዘውን እነርሱ ሳይታዘዙ ፈጸሙት። ቤቱ በ1909 ወደዚህ ግቢ መጣ፤ በ1968 ደግሞ ዛሬ ካለበት፣ ከጥንት ሥፍራው አጠገብ ተመለሰ።

በግቢው አንድ የነሐስ ሰሌዳ አለ። የ1931ዱ ሐውልት ሲቆም ዱቦይስ ተቆጥቶ በማግስቱ ዓመት መልስ የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ብራውን በባርነት ላይ ያሳረፈው ምት ሕዝብን እንደቀሰቀሰ፣ ከእርሱ በኋላም የጥቁር ወታደሮችና የነፃ ወጪዎች ሠራዊት እንደተከተለ የሚናገር ነው። የኮሌጁ አስተዳደር በ1932 እንዲተከል አልፈቀደም። የተተከለው ከሰባ አራት ዓመት በኋላ፣ በ2006 ነው።

ጽሑፉን ለጋሼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ «ሰውየውስ?» አሉኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የባቡር ጣቢያው።»

ደግሜ አየሁ። የሼፐርድ ስም በሰሌዳው የለም።

ጋሼ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው መስሎኝ ነበር። ዓይናቸውን ከሰሌዳው ሳያነሡ እንዲህ አሉኝ፤ «በ69 ክረምት ሊብት ሲል አንድ መሥሪያ ቤት የማባዣ መኪና ልንወስድ ሌሊት ገባን። ሦስት ነበርን። ወንድምህ አንዱ ነው። ዘበኛው ጋቢ ለብሶ ባትሪ ይዞ ወጣ። ባለ ቆብ ሽማግሌ ነው። 'እናንተ ልጆች' አለን። ሌላ ቃል አልወጣውም።»

«ማን ተኮሰ?» አልኩ።

«እሱን አትጠይቀኝ። ከሦስታችን አንዳችን ነን። ሁለቱ ሞተዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ምንም ብናገር ለማን ይጠቅማል? የምነግርህ ይህን ነው፤ ስሙን አላውቅም። ለማወቅም አልጠየቅሁም። ለጓዶቻችን የመታሰቢያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አራት ስም ጽፌ ሰጠሁ። እሱ ትዝ አላለኝም ልልህ ነበር። ዋሸሁ። ትዝ ብሎኛል።»

ሐኪም በሙያው ክፉ ዜና መናገርን ይማራል፤ ክፉ ዜና መስማትን ግን ማንም አያስተምረውም። ያን ጊዜ በአእምሮዬ የመጣው የእናቴ ቃል ነው። በጋሼ ተቆጣሁ፤ አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ በቤታችን ቡና እየጠጡ፣ እናቴ ፊት እያለቀሱ ይህን ይዘው መኖራቸው አናደደኝ። ወዲያው ደግሞ ቢነግሩኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበረ አሰብኩና ቁጣዬ በረደ። የወንድሜን ገዳዮች ለሚያመሰግን ሰው አንድ ተጨማሪ ምስክር ላለመስጠት እኔም ዝም እል ነበር።

ችግሩ ይኸው ነው። በ1931 የቆመው ድንጋይ የሼፐርድን ስም የያዘው ስለ ሼፐርድ አዝኖ አይደለም፤ ብራውንን ለመክሰስና ባርነትን ለማስዋብ ነው። በ1932 የተጻፈው ሰሌዳ ስሙን የተወው ደግሞ በክፋት አይደለም፤ የተቀማውን ሟች መልሶ ለመጥራት ጊዜም ቦታም ስላላገኘ ነው። እውነቱ ከዱቦይስ ጋር እንደሆነ አልጠራጠርም፤ አራት ሚሊዮን ሰው በባርነት የያዘ ሥርዓትና ያን ሥርዓት የመታ ሰው በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ነገር ግን የሻንጣ ተረካቢው ሚስትና ልጆች በሁለቱም ጽሑፍ ውስጥ የሉም። አንደኛው ወገን ሟቹን መሣሪያ አደረገው፤ ሌላው እንዳይወጉበት ብሎ ተወው።

እኛም በስደት ባሳተምናቸው የዚያ ትውልድ መጻሕፍት ያደረግነው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰማዕታት በስም ዘርዝሯል። የራሱ ወገን የገደላቸውን ግን «በወቅቱ በተፈጠረው ሁኔታ» በሚል ሐረግ አልፏቸዋል። የራሳችንን ጥፋት ብንናገር ጠላት ይጠቀምበታል እንላለን፤ ይጠቀምበታልም። ሆኖም እኛ ዝም ባልን ቁጥር የዚያ ሟች ስም የሚቀረው በጠላት እጅ ብቻ ነው። የተገፋ ሕዝብ ዓላማ እውነት ከሆነ ያንን ዘበኛ በስሙ ቢጠራው አይፈርስም። በእኔ እምነት እንዲያውም የዓላማው እውነተኛነት የሚለካው አንዱ በዚህ ነው።

ከኮሌጁ ግቢ በጫካው ቁልቁል ወርደን ወደ ሸናንዶዋ ዳር መጣን። እዚያ ቨርጂኒየስ ደሴት የሚባል ስፍራ አለ፤ የጥጥና የዱቄት ወፍጮዎች፣ የሠራተኛ ቤቶች ነበሩበት። የ1870 ጎርፍ አብዛኛውን ጠረገው። ዛሬ የግድግዳ መሠረትና የውሃ ቦይ ቅስት ብቻ ቀርቶ ሾላ መሳይ ግዙፍ ዛፎች በላዩ በቅለዋል። ውሃው እንደዚያ ሁሉን ጠርጎ ሲያበቃ የአሜሪካ መንግሥት በ1944 ስፍራውን ብሔራዊ መታሰቢያ አደረገው፤ ዛሬ የሚጎበኘው ሁሉ በፓርክ ጠባቂዎች እጅ ነው። በዝምታ ተጓዝን። ወንዙ ድንጋይ ላይ እየዘለለ ሲሄድ የጋሼ ምርኩዝ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ዞረን ከተነሣንበት ደረስን። የ1931ዱ ሐውልት ለዓመታት በሳንቃ ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ በ1995 ተገልጧል፤ የፓርኩ ሰዎች በአጠገቡ የዱቦይስን መልስ የሚነግር ሌላ ጽሑፍ አኑረዋል። ድንጋዩን አላፈረሱትም፣ ብቻውንም እንዲናገር አልተዉትም። ጠዋት ስናልፍ ይህን ሁለተኛ ጽሑፍ አላየነውም ነበር። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለድንጋዩ ሳይሆን ለስሙ መሆኑን ሳልጠይቃቸው አወቅሁ።

በመኪና ስንመለስ መሥሪያ ቤቱ የነበረበትን ሰፈር ነገሩኝ። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ዘመዴን በዚያ ሰፈር የቀሩ አረጋውያን ካሉ፣ በ1969 ክረምት ማብቂያ ሌሊት የተገደለ አንድ ዘበኛ ያስታውሱ እንደሆነ እንዲጠይቅልኝ ለምኜዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከተላከበት ቀን መልስ አልመጣም። ጋሼ ግን የእኔን ወረቀት አንብበው እንዲታተም ፈቅደዋል፤ በሰጡት የሠላሳ አራት ስም ዝርዝር ግልባጭ ግርጌም በእጃቸው «ሠላሳ አምስት» ብለው ቁጥሩን ጽፈው፣ ፊት ለፊቱን ባዶ አድርገውታል።